ላፕቶፕ ስትሸጡልን የስክሪኑንም ጥራት ንገሩን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የመጻሕፍት አራሚና የገጽ አቀናባሪ ነኝ። ከደራስያንና ከአሳታሚዎች የሚመጣልኝን ረቂቅ አራት ኪሎ ከሚገኘው ቤቴ ሆኜ ከማለዳ እስከ ማታ በኮምፒውተር አነባለሁ። ሰሞኑን ያረጀ ላፕቶፔን ለመተካት ገበያ ወጥቼ ነበር። ያየሁት ነገር በአማርኛ የሚጽፈውንና የሚያነበውን ሰው ሁሉ፣ የእናንተን ዝግጅት ክፍል አራሚዎችም ጭምር የሚመለከት ስለመሰለኝ ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ። በከተማችን ላፕቶፕ ሲሸጥ ስለ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ስለሚሠራው ክፍል)፣ ስለ ራሙ (ስለ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው) እና ስለ ማከማቻው በዝርዝር ይነገራል፤ ስለ ስክሪኑ ጥራት ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

አሮጌውን ላፕቶፕ በ2008 ዓ.ም. ከአሜሪካ ይዞልኝ የመጣው ወንድሜ ነው። ባለ 15.6 ኢንች ስክሪኑ ወደ ጎን 3840፣ ወደ ታች 2160 ፒክስል አለው። ፒክስል ማለት ስክሪኑ ፊደሉንና ምስሉን የሚሠራባት አንዷ የብርሃን ነጥብ ናት። በዚህ ስክሪን ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 282 ያህሉ ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩ ግን አርጅቷል። ባትሪው አብጦ የጣት መዳሰሻውን ከሥር ገፍቶ አስነሥቶታል፤ የክዳኑ ማጠፊያ ተሰንጥቋል፤ ማራገቢያው ከበድ ያለ ፋይል በከፈትኩ ቁጥር ይጮኻል። ይህን ሁሉ ችዬው ቆይቼ ነበር። ሊቻል ያልቻለው የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴልን ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የእኔ ስድስተኛው ነው። የሰው ያልታተመ ድርሰት በአደራ ይዤ፣ የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒውተር ኢንተርኔት መግባት አልፈልግም። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫኚበት ያሉኝ ወዳጆች አሉ፤ ምክራቸው በጎ ነው፤ ገጽ የማቀናብርበት ኢንዲዛይን ግን የሚሠራው በዊንዶውስና በማክ ብቻ ነው።

ስለዚህ መለወጡ ግድ ሆነ። ስክሪኑን ግን አሳልፌ ልሰጥ አልፈለግሁም። ምክንያቴን ፊደሎቻችንን በቅርብ አይቶ መረዳት ይቻላል።

ሳልስና ሃምስ ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው። «ሂ» አጭር ጭረት አላት፤ «ሄ» ጭረቷ ተጠቅልላ ቀለበት ሆናለች። ቢና ቤ፣ ሲና ሴ፣ ቲና ቴ፣ ኪና ኬም እንዲሁ ናቸው። በ11 ነጥብ መጠን (ይህ «ነጥብ» የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተጻፈን ጽሑፍ፣ በአንድ ኢንች 100 ፒክስል ብቻ ባለው ስክሪን ላይ በወረቀት በሚኖረው መጠን ብናየው፣ ለፊደሉ ቁመት ከላይና ከታች ካለው ክፍተት ጋር የሚደርሰው 15 ፒክስል ያህል ነው። ከዚያ ላይ ለቀለበቷ የሚተርፋት ሁለት ቢበዛ ሦስት ፒክስል ነው። በሁለትና በሦስት ፒክስል ቀለበት አይሳልም፤ መሃሉ ይደፈንና ጭረት ይመስላል። ያንኑ ጽሑፍ በኢንች 210 ፒክስል ባለው ስክሪን ብናየው 32 ፒክስል ይደርሰዋል፤ የቀለበቷ ቀዳዳም ወለል ብሎ ይታያል።

በልብ ወለድ እርማት ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል ላሳያችሁ። ደራሲው ከገጠር የመጣውን ገጸ ባሕርይ «ሂዶ»፣ የከተማውን ደግሞ «ሄዶ» ሊያሰኘው ይችላል። ሁለቱም የአማርኛ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም እዚህ ምንም አይረዳም፤ ሁለቱንም ያሳልፋል። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ሊይዘው የሚችለው አራሚው ነው፤ አራሚው ደግሞ የሚይዘው ካየው ነው። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም እንዲሁ ናቸው። አንዷ በሁለቱ ነጥቦች ላይ አንድ ጭረት፣ ሌላዋ ሁለት ጭረት አላት። በደካማ ስክሪን ላይ ሁለቱም ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ያርፋሉ። የተሳሳተችው ሰረዝ የምትታየው መጽሐፉ ታትሞ አንባቢ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ኀ፣ ኃ እና ኅ በተደባለቁበት የታሪክ መጽሐፍ ላይ የሚሆነውን የሠራበት ያውቀዋል። ላቲኑ ሃያ ስድስት ፊደሎቹን በትልቅና በትንሽ ይዞ ይሄዳል፤ እኛ 33ቱን በሰባት ዘር ስናበዛ ዲቃላ ፊደላትን ሳንጨምር 231 እንሆናለን፤ ብዙዎቹም እርስ በርስ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የሚበቃ ስክሪን ለአማርኛ አራሚ የማይበቃው ለዚህ ነው።

አጉልተሽ አታነቢውም ወይ የሚል አይጠፋም። ለእርማቱ አጎላለሁ። ገጽ ማቀናበር ግን ገጹን ሙሉውን፣ እንዲያውም ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ገጾች በአንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። የአንቀጹ የመጨረሻ ቃል ብቻዋን ወደ ማዶው ገጽ ተሻግራ እንደሆነ፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት አለቅጥ ተለጥጦ እንደሆነ፣ የግርጌ ማስታወሻው ከቁጥሩ ጋር በአንድ ገጽ ውሎ እንደሆነ የሚታወቀው ገጹ በሙሉ ሲታይ ነው። ወደ ታች 768 የፒክስል ረድፍ ብቻ ባለው ስክሪን ላይ የፕሮግራሙ ዝርዝሮች ከላይና ከታች ቦታቸውን ሲወስዱ ለገጹ የሚቀረው 600 ረድፍ ያህል ነው። በዚህ ላይ የኤ5 (የኤ4 ወረቀት ግማሽ የሆነ) መጽሐፍ ገጽ ሙሉውን ሲታይ ባለ 11 ነጥቡ ፊደል 11 ፒክስል ይሆናል። ያ ፊደል አይነበብም፤ እንዳለ ብቻ ያስታውቃል። አትሞ በወረቀት ማንበብ ድሮ የምንሠራበት መንገድ ነበር፤ አሁን በወረቀትና በቀለም ዋጋ የአንድን መጽሐፍ ረቂቅ ደጋግሞ ማተም የአራሚውን ክፍያ ይበላዋል።

ጥሩ ስክሪን ትናንት የመጣ ቅንጦት የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ 15.4 ኢንች ሆነው 1920 በ1200 ፒክስል የነበራቸው ላፕቶፖች ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 እና 2010 ወዲህ አምራቾቹ የላፕቶፑን ስክሪን እንደ ቴሌቪዥን ወርዱን አስረዝመው ቁመቱን አሳጠሩት፤ ያኔ ነው 1366 በ768 የሚባለው ገበያውን ያጥለቀለቀው። አንባቢና ጸሐፊ የሚያስፈልገው ወደ ታች የሚሄደው ቁመት ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 አፕል 2880 በ1800 የሆነ 15.4 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቁመቱ ረዘም ያለው ቅርጽ በብዙ ሞዴሎች ላይ ተመልሷል። ዓለም ከዚህ ደርሶ ሳለ የእኛ ሱቆች ዛሬም 1366 በ768 ደርድረው፣ ያውም ሳይናገሩ፣ ይሸጣሉ።

ቦሌ አካባቢ ከገባሁባቸው ሱቆች በአንዱ የሆነውን ልንገራችሁ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። አንዱን ላፕቶፕ አነሣና «እናቴ፣ ይሄ ኮር አይ 7 ነው፤ 16 ጂቢ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ አለው፤ ለዓመታት አያስቸግርሽም» አለኝ። «ስክሪኑስ?» አልኩት። «15.6 ኢንች ነው፤ ሰፊ ነው።» «ስፋቱን አይደለም የጠየቅሁህ ልጄ፤ ስንት በስንት ነው?» «ኤችዲ ነው፤ ጥሩ ነው።» እንዲከፍተው ለመንኩትና ወደ ስክሪኑ ማስተካከያ ገብተን አየነው፤ 1366 በ768 ይላል። ቀጥሎ ያነሣው፣ ዋጋው ከፊተኛው ዝቅ ያለው ላፕቶፕ 1920 በ1080 ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ራሱ ተገርሞ ደጋግሞ አየው። እሱን አልወቅስም፤ ገዢው አይጠይቀውም፤ ዕቃውን የሚያመጣለት ነጋዴም አይነግረውም። «ኤችዲ» የሚለው ቃል ጆሮ ስለለመደው ጥሩ ነገር ይመስላል፤ በላፕቶፕ ላይ ግን ዝቅተኛው ደረጃ ነው። «ፉል ኤችዲ» የሚባለው 1920 በ1080 ያለው ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው የሞዴል ስም ነው። ያገለገሉ ላፕቶፖች በብዛት በሚሸጡበት ገበያችን በጣም የተለመደውን የሌኖቮ ላፕቶፕ፣ ቲንክፓድ ቲ480ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ ሞዴል በሦስት ዓይነት ስክሪን ተሸጧል፤ 1366 በ768፣ 1920 በ1080 እና 2560 በ1440። ክዳኑ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ መጠኑም አንድ፣ 14 ኢንች ነው። ተዘግቶ ሲታይ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን በኢንች 112 እና 210 ፒክስል ነው። ስሙን ብቻ አምኖ የገዛ ሰው የትኛው እንደሚደርሰው የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ነው።

ራም ቢያንስ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይጨመራል፤ ማከማቻው ይለወጣል፤ ባትሪው ይተካል። ስክሪኑን በተሻለ መለወጥ ግን ለብዙ ሰው የማይሆን ነገር ነው። ጥሩ ባለሙያዎች አሉን፤ አንዱን አማክሬው ነበር። ስክሪኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው፣ ለፉል ኤችዲ የተሠራው ገመድ 30 ፒን (የመገናኛ እግር) ሆኖ ለ2560 በ1440ው 40 ፒን የሚያስፈልግበት ሞዴል እንዳለ፣ ስለዚህ ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም ማስመጣት እንደሚጠይቅ አስረዳኝ። ሁለቱም እዚህ በቀላሉ አይገኙም። እንግዲህ ስክሪን በመጀመሪያው ቀን አብሮ የሚገዛ፣ እስከ መጨረሻውም አብሮ የሚኖር ዕቃ ነው። መጠየቅ ያለበትም ከሁሉ አስቀድሞ ነው።

ሌላው የሰማሁት ምክር ርካሽ ላፕቶፕ ገዝቶ ጥሩ ሞኒተር መሰካት ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ሸጋ ምክር ነው። 27 ኢንች ሆኖ 3840 በ2160 የሆነ ሞኒተር በኢንች 163 ፒክስል ይሰጣል፤ ገጾቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ለማየትም ይመቻል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩ አብሮ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ደግሞ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል። ማተሚያ ቤት ነገ ጠዋት ፋይሉን እየጠበቀ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ የሚያድነኝ የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ነው።

በመጨረሻ የወሰድኩት ያገለገለ ቲ480 ነው፤ ሦስተኛው ዓይነት ስክሪን ያለው። ብዙ ሱቅ አስዞረኝ፤ አብዛኞቹ ሻጮች እንዲህ ያለ መኖሩንም አያውቁም ነበር። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 ይቀበለዋል። አንድ ባትሪ በውስጡ፣ ሌላ ተነቃይ ባትሪ ደግሞ ከኋላው አለው፤ የኋላውን ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ መለወጥ ይቻላል። ለእኛ መብራት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ282 ወደ 210 መውረዴ ቅር ያሰኘኝ እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አላሰኘኝም። ከግማሽ ሜትር ርቀት የሚያነብ ጤናማ ዓይን አንዱን ነጥብ ከአንዱ መለየት የሚችለው በኢንች እስከ 175 ገደማ ድረስ ነው፤ ከ200 በላይ ያለው ሁሉ ለንባብ ይበቃል። እንዲያውም የአሮጌው ስክሪን ከመጠን ያለፈ ጥራት ባትሪ ይበላ ነበር። ሰው ሁሉ እንደ አሮጌው 4ኬ (3840 በ2160) ይግዛ እያልኩ አይደለም፤ አማርኛ ሲያነብ የሚውል ሰው ከ1366 በ768 ይሽሽ፣ አቅሙ ካለው በኢንች 200 የሚደርሰውን ይፈልግ ነው የምለው።

ማክ ለለመደ ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው፣ ኤም1 የሚባል ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር አለ፤ 13.3 ኢንች ሆኖ 2560 በ1600 ነው፤ በኢንች 227 ፒክስል፣ ማራገቢያ የሌለውና ባትሪው የሚቆይ። ራሙ ግን ከተገዛ በኋላ አይጨመርምና ሲገዛ ይታሰብበት። እንዲህ ባለ ጥሩ ስክሪን ላይ ፊደሉ በጣም እንዳያንስ ዊንዶውስ ራሱ ማሳያውን ወደ 150 ወይም 200 በመቶ ያሳድገዋል። በድሮ ጊዜ የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች ያኔ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ተጭኖ ከንብረቶቹ ውስጥ የተኳኋኝነት ገጹን ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፒክስሉ ጥሩ ሆኖ የስክሪኑ ዓይነት ቲኤን ከሆነ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይለወጣል። ደራሲው ከጎኔ ተቀምጦ የሽፋኑን ቀለም እኔ እንደማየው ካላየው መግባባት አንችልም። አይፒኤስ የሚባለው ይሻላል።

የመሥሪያ ቤቶች ግዥ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፤ አንድ ውሳኔ በመቶ የሚቆጠር ሰው ዓይን ላይ ስለሚያርፍ። አንድ ወዳጄ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ያወጣውን የጨረታ ሰነድ አሳይታኝ ነበር። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ማከማቻው፣ የዋስትናው ዘመን ሁሉ ተዘርዝሯል። ስለ ስክሪኑ የተጻፈው «15.6 ኢንች» የሚል ብቻ ነው። አቅራቢው በዚህ ሰነድ 1366 በ768 ቢያቀርብ ማን ይከለክለዋል? ኢንች የስፋት መለኪያ ነው፤ ያው 1366 በ768 ከ14 ወደ 15.6 ኢንች ሲሰፋ እንዲያውም ከ112 ወደ 100 ፒክስል ይወርዳል። ወዳጄ የሕግ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ነጋሪት ጋዜጣ ታነባለች፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን የሚሄድበትን ገጽ። በተሰጣት ላፕቶፕ ላይ ሁለቱን ዓምድ በአንድ ጊዜ ማንበብ ስለማትችል አማርኛውን አጉልታ ታነባለች፣ ከዚያ ወደ ጎን ጎትታ እንግሊዝኛውን ትፈልጋለች፣ እንደገና ትመለሳለች። ማታ ራሷን እያመማት ቤት ትገባለች። በሰነዱ ላይ «ከ1920 በ1080 ያላነሰ፣ አይፒኤስ» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨመር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዋጋው አያንገዳግድም አልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋም አብሮት ተሰቀለ። ላፕቶፕ ዛሬ ሰው ለዓመታት ቆጥቦ፣ አንዳንዱም ተበድሮ የሚገዛው ዕቃ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል።

ሻጮችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ በምትለጥፉት ወረቀት ከራሙ ጎን የስክሪኑን ፒክስል ስንት በስንት እንደሆነ ጻፉ። ቢሮዎች የግዥ ሰነዳችሁን አስተካክሉ። ገዢዎች ደግሞ የራሳችሁን የአማርኛ ጽሑፍ፣ በ10 ወይም በ11 ነጥብ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ገጹን ሙሉውን እያያችሁ «ሂ»ንና «ሄ»ን፣ ነጠላና ድርብ ሰረዝን ለዩ። እኔ እንደዚያ ሳደርግ ሻጮቹ አልተቆጡም፤ አንዳንዶቹ ወንበር ስበው አብረውኝ አይተዋል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ላፕቶፕ ላምጣልሽ?» ሲላችሁም ዝም ብላችሁ «አምጣልኝ» አትበሉ፤ የምትፈልጉትን ፒክስል በቁጥር ጽፋችሁ ላኩለት።

ለእናንተም ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለኝ። በማስታወቂያ ገጾቻችሁ የሚወጡ የኮምፒውተር ሽያጭ ማስታወቂያዎችን የሚቀበለው ክፍላችሁ፣ አስተዋዋቂው የስክሪኑን ጥራት እንዲጨምር ይጠይቀው ዘንድ ብታደርጉ አንዲት መስመር ብቻ ትወስዳለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመጻሕፍት አራሚ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ